ጓሮና የአእምሮ ሰላም፦ ማስረጃው እስከ የት ይደርሳል?

ኔልሰን ማንዴላ ከሮቢን ደሴት ወደ ፖልስሙር ወህኒ ቤት የተዛወሩት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በአዲሱ እስር ቤት ምግቡም አልጋውም ከደሴቱ ይሻል ነበር። ዙሪያው ግን ሲሚንቶ ነው። ማንዴላ ኃላፊዎቹን አስፈቅደው 16 የነዳጅ በርሜሎች መሃል ለመሃል ተቆርጠው እንዲሰጧቸው አደረጉ፤ 32 መትከያ ወጣላቸው። በርሜሎቹ አፈር ተሞልተው በሕንጻው ጣሪያ ላይ ተደረደሩ። ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም፣ እንጆሪ ሳይቀር ተተከለባቸው። አትክልቱ በደረጀበት ጊዜ ወደ 900 የሚጠጋ ተክል ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት የሣር ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ሻካራ ጓንታቸውን አጥልቀው ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራሉ። እሑድ እሑድ ለሌሎች እስረኞች ወጥ ቤት ምርታቸውን ያቀብላሉ፤ ጠባቂዎቹም ቦርሳቸውን ይዘው እየመጡ ትኩስ አትክልት ይወስዱ ነበር።

ይህን የምናውቀው ራሳቸው ከጻፉት የሕይወት ታሪክ ነው። እስረኛ በእጁ ሆኖ የሚያዝዘው ነገር ጥቂት እንደሆነ፣ ጓሮው ግን ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ እንደነበረ ያስረዳሉ። ገና ሮቢን ደሴት ሳሉም ለባለቤታቸው ለዊኒ ስለ አንዲት የቲማቲም ተክል ጽፈውላታል። ከችግኝነቷ ጀምረው አሳድገዋት፣ አፍርታላቸው፣ ኋላ በስህተት ይሁን በእንክብካቤ ማነስ ጠውልጋ ሞተች። ነቅለው ሥሯን አጠቡና እዚያው ጓሮው ውስጥ ቀበሯት።

ጓሮ መንፈስን ያረጋጋል ቢባል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች እናት ጎመኗን ስትኮተኩት፣ ጡረታ የወጣ አባት ከጽጌረዳው ሥር ሳይነሳ ሲያረፍድ ያላየ የለም። ጥያቄው ይህ ልማድ በእርግጥ ምን ያህል ይረዳል፣ ማንን ይረዳል፣ ከምን የተነሳስ ይረዳል የሚለው ነው። ባለፉት 40 ዓመታት ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በቁጥር ለመለካት ደክመዋል። ከተገኘው ውስጥ ጠንካራም ደካማም አለ። ጓሮ እያጡ ባሉት ከተሞቻችን ለሚኖር ሰው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ሐሳቡ ራሱ ከሳይንሱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1796 ዊሊያም ቱክ የተባለ የሻይ ነጋዴና የኩዌከር እምነት ተከታይ በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ አንድ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ከፈተ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ሰው በሰንሰለት ይታሰር፣ ይገረፍም ነበር። ቱክ ሰንሰለቱን ትቶ ሕሙማኑ በግቢው አትክልት እንዲሠሩ፣ እንዲንሸራሸሩ፣ እንደ ሰው እንዲከበሩ አደረገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ቤንጃሚን ረሽ፣ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ የሆነው የፊላደልፊያ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተመው የአእምሮ በሽታዎች መጽሐፉ አንድ ያስተዋለውን ነገር ጻፈ። በየሆስፒታሉ እንጨት የሚፈልጡት፣ እሳት የሚያነዱትና አትክልት ቦታ የሚቆፍሩት ድሃ ሕሙማን ብዙ ጊዜ ይድናሉ። በማዕረጋቸው የተነሳ ከሥራ ነፃ የተደረጉት ግን እዚያው በግድግዳ መሃል ሲማቅቁ ይቀራሉ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጀርመኖች በርሊን አጠገብ በሚገኘው የሩሌበን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ በሺህ የሚቆጠሩ የእንግሊዝ ሲቪሎችን አጉረው ነበር። እስረኞቹ እ.ኤ.አ. በ1916 የአትክልተኞች ማኅበር አቋቋሙ፤ በለንደን ያለው የንጉሣዊው አትክልተኞች ማኅበርም ዘር ላከላቸው። ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው፣ የዘራው መቼ እንደሚበቅል ግን ያውቃል። እስረኞች በየዘመኑ፣ በየአገሩ፣ ሳይመካከሩ ወደ አፈር ማዘንበላቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

ታሪኩ ግን ጥሩ ጥሩ ብቻ አይደለም። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ታላላቅ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሰፋፊ እርሻ ነበራቸው፤ ሕሙማኑም በነፃ ጉልበታቸው ያርሱት ነበር። ሕክምና ተብሎ የተጀመረው ነገር በብዙ ቦታ ወደ ብዝበዛ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሆስፒታል የሚሠሩ ሕሙማን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሊከፈላቸው ይገባል ሲል ፈረደ። ይህ መታወስ ያለበት ጉዳይ ነው፤ አንዱን ሰው የሚያድነው ያው ዶማ በግድ ሲያዝ ሌላውን ይሰብራል።

የዘመናዊው ምርምር መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው አጭር ጥናት ነው። ተመራማሪው በፔንስልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮቱ ዛፎችን ያሳያል፤ የቀሩት የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ነው። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ በ7.96 ቀን ሲወጡ ግድግዳ የሚያዩት 8.70 ቀን ቆዩ። ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነበር። ልዩነቱ ከአንድ ቀን በታች ነው፤ ሰዎቹም ተመለከቱ እንጂ አልተከሉም። ይሁን እንጂ የዛፍ እይታ በሆስፒታል መዝገብ ላይ ሊታይ የሚችል ለውጥ ማምጣቱ ለምርምሩ በር ከፈተ።

ከአምስት ዓመት በኋላ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ባልና ሚስት ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን ለነገሩ ማብራሪያ አቀረቡ። ሰው ሆን ብሎ ትኩረቱን ሲሰበስብ፣ ማለትም ሒሳብ ሲሠራ፣ መኪና ሲነዳ፣ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ፣ ያ ትኩረት ይዝላል። ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ንብ ከአበባ አበባ ስትዘል ማየት ግን ትኩረትን ሳያስገድድ ይይዘዋል፤ የዛለው ክፍል በዚያ መሃል ያርፋል። አረም የነቀለ ሰው ይህን ያለ ንድፈ ሐሳብም ያውቀዋል። እጅ ይሠራል፣ ሐሳብ ይንሸራሸራል፣ ሲያቃጥል የዋለው ጉዳይ ሳይታወቅ ይበርዳል።

ወደ ሥራው ወደ ራሱ የቀረበው ሙከራ ኔዘርላንድ ውስጥ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ የየራሳቸው መደብ ያላቸውን 30 አትክልተኞች ሰብስበው መጀመሪያ አስጨናቂ ፈተና ሰጧቸው። ከዚያ ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ መደባቸው ላይ እንዲሠሩ፣ ግማሾቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠው እንዲያነቡ ተደረገ። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በምራቃቸው ሲለካ በሁለቱም ዘንድ ቀንሷል፤ መደባቸው ላይ ለሠሩት ግን ይበልጥ ወርዶላቸዋል። ስሜታቸውም ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፤ ያነበቡት ግን ይባስ ብሶባቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተሳታፊዎቹ ሁሉ ቀድሞውኑ አትክልት ወዳዶች ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው ከመደቡ ነጥቆ መጽሐፍ መስጠት ራሱ ቅር ሊያሰኘው ይችላል።

ይህ ድክመት በብዙዎቹ ጥናቶች ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሶጋ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 22 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝነው አትክልት መንከባከብ ድባቴንና ጭንቀትን እንደሚቀንስ፣ በሕይወት የመርካትን ስሜት እንደሚጨምር ደመደሙ። ድምዳሜው አንድ አቅጣጫ ይይዛል። ከተመዘኑት ውስጥ ግን ብዙዎቹ ትናንሽ ናቸው። በአውስትራሊያ ደቦ ከተማ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ 2,805 ሰዎችን ለ16 ዓመታት የተከታተለ ሌላ ጥናትም በየቀኑ አትክልት የሚሠሩት በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ36 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። መልካም ዜና ነው፤ ሆኖም የማስታወስ ችሎታው መላላት የጀመረ ሰው ዶማውን ቀድሞ ሊጥል ስለሚችል የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ይከብዳል።

ስለዚህ ክብደት የሚሰጣቸው ሰዎችን በዕጣ የመደቡ ጥናቶች ናቸው። ከሁሉ የላቀው በዴንቨር ከተማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት አትክልት ያልሠሩ 291 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ከ37 የጋራ አትክልት ቦታዎች በአንዱ መደብ፣ ዘርና ችግኝ፣ የጀማሪ ሥልጠናም ተሰጠው። ሌላው አንድ ዓመት ይጠብቅ ተባለ። መደብ ያገኙት በቀን 1.41 ግራም ተጨማሪ አሰር ተመገቡ፤ ሰውነታቸውንም የበለጠ አንቀሳቀሱ። ጭንቀታቸውና ስጋታቸው ቀነሰ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ሲጀምሩ ይበልጥ ተጨንቀው የነበሩት ናቸው። ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሥራውን የማያውቅ፣ በዕጣ የተመረጠ ሰውም እንደሚጠቀም ያሳያሉ።

ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ናካድያ በተባለው የሕክምና አትክልት ቦታው ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ ከዚህም ደፋር ነው። በከባድ የሥራ ጭንቀት ታመው ከሥራ የቀሩ 84 ሰዎች ለ10 ሳምንት ወይ በአትክልት ቦታው፣ ወይ አስተሳሰብንና ባህሪን በመለወጥ ላይ በተመሠረተው የታወቀ የንግግር ሕክምና ታከሙ። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸውም ልዩነት አልተገኘም። አትክልቱ ከተፈተነ ሕክምና እኩል ቆመ ማለት ነው። ነገር ግን በናካድያ አብሯቸው የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ብቻውን ዶማ የተሰጠው ሰው ይህን ያህል ይሻለዋል ብሎ ከዚህ መደምደም አይቻልም።

ፊላደልፊያ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ከሰው ወደ ሰፈር ተሻገረ። በከተማዋ 541 ባዶ ቦታዎች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ ተጠርገው ሣርና ጥቂት ዛፍ ተተከለባቸው፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥርም ተደረገላቸው። ከፊሎቹ ቆሻሻቸው ብቻ ተነሳ፤ የተቀሩት እንዳሉ ተተዉ። በዙሪያው ከሚኖሩት ውስጥ 442 ሰዎች ከሥራው በፊትና በኋላ ተጠየቁ። ሣርና ዛፍ በተተከለባቸው ቦታዎች አጠገብ የድባቴ ስሜት አለብኝ ያሉት ሰዎች ካልተነካው ጋር ሲነጻጸር በ41.5 በመቶ ቀነሱ፤ በድሃ ሰፈሮች ደግሞ በ68.7 በመቶ። ቆሻሻው ብቻ የተነሳበት ቦታ ይህን አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ይህ ጥናት ስለ ከተማ ፕላን ለሚያስብ ሰው ሁሉ መነበብ ይገባዋል።

አፈር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ደስታ ይሰጣል የሚለው በየቦታው የሚዘዋወር ወሬ ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት። መነሻው የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ሥራ ነው፤ የተሞከረውም በአይጦች ላይ ነው። ትኩረት የሚስብ ግኝት ቢሆንም ለሰው ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። አፈር መንካት መንፈስን የሚጠግን ከሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከአፈር ጋር የሚውለው ገበሬ ለምን ከጭንቀት አልዳነም? ቡታጅራ አካባቢ ባለው የገጠር ማኅበረሰብ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያዳረሰ የአእምሮ ጤና ጥናት ተካሂዷል። ከባድ የአእምሮ ሕመም እዚያም እንደ ሌላው ዓለም አለ። እንሰትና በርበሬ እያለማ የሚኖር ሕዝብ ከዚህ አላመለጠም።

መልሱ ያለው ሥራው በተሸከመው ዕዳ ላይ ይመስላል። ዝናብ የቀረበት፣ የማዳበሪያ ብድር የሚጠበቅበት፣ እህሉ በገበያ የረከሰበት ገበሬ ከአፈሩ ጋር ያለው ግንኙነት የሞትና የሕይወት ነው። ጓሮ የሚያድነው ኪሳራው ትንሽ በመሆኑ ነው። ቃሪያው ቢደርቅ ሌላ ይተከላል፤ ማንም አይራብም። ሰው ያለ ቅጣት መሳሳት የሚችልበት፣ ግን ደግሞ ቸል ቢለው የሚጠወልግ፣ እሱን የሚፈልግ ሕይወት ያለው ነገር እዚያ አለ። ድባቴ የያዘው ሰው ማንም አይፈልገኝም፣ ምንም አልረባም ብሎ ነው የሚያስበው። ጠዋት ውሃ የሚጠብቅ ችግኝ ይህን ሐሳብ በክርክር አይረታውም፤ ከአልጋ ግን ያስነሳዋል። የአንድ ጓሮ ትልቁ መድኃኒትነት ይኸው ይመስላል፤ ከቅጠሉ አረንጓዴነትም ከአየሩም በላይ።

በዚህ ዓይን ሲታይ በስደት ያሉ ወገኖች ነገር ይገባል። በእስራኤል ቤርሼባ ከተማ በሚገኘው የካሊሸር የመጤዎች መቀበያ ማዕከል ከኢትዮጵያ ለሄዱ ቤተ እስራኤላውያን የጋራ አትክልት ቦታ ተዘጋጅቶላቸዋል። ከነሱ መካከል ብዙዎቹ በአገራቸው ገበሬ ነበሩ። እዚያ ሲደርሱ ቋንቋው አዲስ ነው፣ ቤቱ ፎቅ ነው፣ የመንግሥት ወረቀት የሚያነብላቸው ልጃቸው ነው። ቤተሰቡን ሲመራ የኖረ አባት የልጁ ጥገኛ ይሆናል። መደቡ ላይ ግን መቼ እንደሚዘራ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ልጅየውም ከአባቱ ይጠይቃል። በአሜሪካ ሲያትል ከተማም እ.ኤ.አ. በ1973 ከፒካርዶ ቤተሰብ እርሻ የተጀመረውና ዛሬ በከተማዋ ብዙ ሰፈሮች የተስፋፋው የማኅበረሰብ አትክልት መርሐ ግብር ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ስደተኞችን፣ ኢትዮጵያውያንንም ያስተናግዳል። በሁለቱም ቦታ የሚመረተው አትክልት ለኑሮ ድጎማው ትንሽ ነው። ለክብር ያለው ድርሻ ትልቅ ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ጓሮ ማለት ኑሮው ራሱ ነው። በጌዴኦ እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተደራርበው የሚለሙበት የመሬት አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሰሜንና በመሃል አገር ደግሞ ጓሮው ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ጎመንና ቃሪያ የሚገኝበት፣ ጎረቤት ቅጠል ሊቆርጥ ጎራ የሚልበት ቦታ ነበር። ቅጠል ሊቆርጥ የመጣ ሰው ቡና ሳይጠጣ አይሄድም፤ የሰው ናፍቆትም በዚያው ይወጣል።

አዲስ አበባ ይህን ጓሮ በፍጥነት እያጣች ነው። የድሮ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። መጸዳጃና ውሃ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የቀድሞው ቤት ብዙ ጊዜ ለሰው ልጅ የሚገባ አልነበረም። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች እናት ጤና አዳሟን የምትተክለው በቀለም ባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ነው፤ በረንዳው ጠባብ፣ ውሃውም በፈረቃ ነው። በግቢው መሃል ያለው ባዶ ቦታ ብዙውን ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በከተማም የጓሮ አትክልትንና ዶሮ እርባታን ያበረታታል፤ የሚገባም ሥራ ነው። ሆኖም የሚለካው በኪሎና በእንቁላል ቁጥር ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር አንድ መደብ ከሰላጣው ሌላ ለአረጋዊ፣ ለሐዘንተኛ፣ ሥራ ላጣ ወጣት ምን ይሰጣል ብሎ የሚጠይቅ ሪፖርት ቢኖር መልካም ነበር።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከአቃቂ ወንዝና ከገባሮቹ በተጠለፈ ውሃ በሚለሙ የአዲስ አበባ አትክልቶች ላይ፣ በተለይ በቅጠላ ቅጠሉ፣ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ የከተማ አትክልት ሲባል የአፈሩና የውሃው ንጽሕና አብሮ ይነሳ። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሕመሙ ክብደት ነው። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ድምፅ የሚሰማው፣ ምግብና እንቅልፍ የተወ ሰው ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። መድኃኒት የጀመረ ሰውም ጓሮ ስለጣመው አያቋርጥ። ከላይ ከተጠቀሱት ጥናቶች ውስጥ አትክልት መድኃኒትን ይተካል ያለ የለም።

ሌሎች አገሮች ነገሩን ለግለሰብ በጎ ፈቃድ ብቻ አልተዉትም። በጀርመን ላይፕሲግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የተጀመሩት የከተማ ነዋሪ አነስተኛ አትክልት ቦታዎች ዛሬ የራሳቸው ፌዴራል ሕግ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ይህ ሕግ የአንዱን ቦታ ስፋት ከ400 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኖ ተከራዩን ይጠብቀዋል። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሰባት አካባቢዎች ሐኪሞች ሰዎችን ወደ አትክልትና ወደ ሌሎች የደጅ ሥራዎች የሚልኩበትን አሠራር በመንግሥት ገንዘብ ሞክራለች።

ከተሰበሰበው ማስረጃ ሁሉ የሚወጣው ብይን መጠነኛ ነው፤ አትክልት መንከባከብ ቀላልና መካከለኛ ጭንቀትን፣ ድባቴንና ብቸኝነትን ያቃልላል፤ ሰው በፈቃዱ ሲሠራው፣ ከሌሎች ጋር ሲሆን፣ ኑሮው ሳይመሠረትበት ሲቀር ይበልጥ ይረዳል። ዋጋው ደግሞ ትንሽ ነው። ስለዚህ አዲስ መኖሪያ የሚነድፉ መሐንዲሶች በየብሎኩ መሃል ጥቂት መደብና አንድ የውሃ ቧንቧ ይተዉ፤ የወረዳ አስተዳደሮች በአጥር ተከልለው ቆሻሻ የሚጣልባቸውን ባዶ ቦታዎች ለሰፈሩ ነዋሪ በጋራ ያስረክቡ፤ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችም ግቢያቸው ውስጥ ካለው መሬት ለታካሚዎቻቸው፣ በፈቃዳቸውና ከባለሙያ ጋር የሚሠሩበት ቦታ ይመድቡ። ክረምት ሳይገባ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።